ክንፉ ለምን ተላቀቀ?

በመሐል ሜዳ ብርድ የልጅዎ የፎም አውሮፕላን እንዳይበታተን ፕላስተሩን እንዴት ያዘጋጃሉ?

እንበል የገና ሰሞን ነው። ቤተሰቡን ይዘው ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው፣ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ታጥፈው መሐል ሜዳ ገብተዋል። አያት ቤት በጉ ታርዷል፣ ጠላው ቀርቧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል። የ10 ዓመት ልጅዎ ግን ከመኪናው ስትወርድ አንድ ካርቶን በደረቷ አቅፋለች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

በካርቶኑ ውስጥ ሁለት ሳምንት የለፋችበት አውሮፕላን አለ። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የወጣውን ነጭ ፎም ቆርጣ፣ ክንፍ አበጅታ፣ ጭራ ሰክታ፣ በፕላስተር አያይዛ የሠራችው ነው። ሞተር የለውም፤ በእጅ ተወርውሮ የሚንሳፈፍ ነው። እዚያው ሳሎናችሁ ውስጥ ከሶፋው እስከ ቡፌው በርሯል። አሁን ለአያቷ ልታሳይ ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ትወጣላችሁ። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። አያት ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ የአጎቷ ልጆች ከበዋታል። «አባባ፣ ይዩልኝ!» ትላለች፤ ትወረውረዋለችም። አውሮፕላኑ ከእጇ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ የግራ ክንፉ ይከፈታል፤ ተገልብጦ መሬት ይመታል። ፕላስተሩ አንድ ጫፉ ተላጦ በነፋስ ይውለበለባል። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷ ቁርጥራጩን ሰብስባ ወደ ካርቶኑ ትመልሰዋለች። «አይሠራም፤ ተዉት» ትላለች።

በዚህች ደቂቃ ወላጅ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው «አይዞሽ፣ አዲስ አበባ ስንመለስ ሌላ እገዛልሻለሁ» ማለት ነው። ይህ ደግነት ይመስላል፤ ልጅቷ የምትሰማው ግን «አንቺ የሠራሽው አይረባም» የሚለውን ነው። ሁለተኛው ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ የተላጠውን ፕላስተር አንስቶ «ለምን ተላቀቀ?» ብሎ አብሮ መመልከት ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ለሚመርጡ ወላጆች ነው። መልሱ ከባድ አይደለም፤ ወጪውም ከአንድ ጥቅል ፕላስተርና ከትንሽ ኮላ አይበልጥም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው።

ጎሚስታው የሚያውቀው ምስጢር

ጎማ ሲያስጠግኑ ጎሚስታው የሚያደርገውን አስተውለው ያውቃሉ? ካላማዳሪውን አውጥቶ ቀዳዳውን ካገኘ በኋላ ወዲያው አይለጥፍም። በመጀመሪያ ቦታውን ይፈትጋል። ከዚያ ብናኙን ይጠርጋል። ማስቲሹን ቀብቶ እንደገና ይጠብቃል፤ ችኩል ደንበኛ ቢጨቀጭቀውም አይሰማም። ልጣፉን የሚያሳርፈው ማስቲሹ ጠፈፍ ሲል ነው። በመጨረሻም ተጭኖ ወይም ቀጥቅጦ ያጣብቀዋል።

ከሥራው አብዛኛው የተሠራው ልጣፉ ጎማውን ከመንካቱ በፊት ነው። ፎምና ፕላስተርም እንዲሁ ናቸው። የፕላስተር ሙጫ በጣም ወፍራም ፈሳሽ እንደማለት ነው። ሲጫኑት ቀስ እያለ ወደ ገጽታው ጥቃቅን ጎድጓዳዎች ይገባል፤ የሚይዘውም በነካው መጠን ብቻ ነው። በመካከሉ አቧራ ካለ አቧራውን ይይዛል። ቅባት ካለ በቅባቱ ላይ ይንሸራተታል። ገጽታው ወጣ ገባ ከሆነ ጉብታውን ብቻ ይነካል፤ ጎድጓዳው ባዶ ይቀራል። ብርድ ከሆነ ደግሞ ሙጫው ይደርቅና መፍሰሱን ይተዋል። የልጅዎ ክንፍ የተላቀቀው ከእነዚህ በአንዱ፣ ምናልባትም በአራቱም ነው።

በመጀመሪያ ፎሙን ይወቁ

በቤታችን የሚገኘው ፎም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲገዙ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ሲያጎብጡት ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ስብራቱ ላይ ትንንሽ ነጭ ፍሬዎች ይታያሉ። ሁለተኛው በመጫወቻ ሱቆች የሚሸጡት በእጅ የሚወረወሩ አውሮፕላኖች የሚሠሩበት ነው። ይህኛው ሲያጎብጡት ይተጣጠፍና ወደ ቦታው ይመለሳል።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው አያያዛቸው ስለሚለያይ ነው። የሚሰበረው ፎም በደንብ ከተዘጋጀ ፕላስተር አጥብቆ ይይዛል። የሚተጣጠፈው ግን በተፈጥሮው ሙጫ የማይወድ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ የቱንም ያህል ቢያጸዱት ፕላስተር በቀላሉ ይላጥለታል። ለእሱ መፍትሔው ፕላስተሩን ዙሪያውን አዙሮ ጫፉን በራሱ በፕላስተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ፕላስተር ራሱን በራሱ ሲይዝ ፎሙን ይጨብጣል፤ የፎሙ ጠባይም ብዙ አያሳስብም።

ምጣዱና ማሰሻው

እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያስሱት ለምንድን ነው? እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። ስስ የሆነች የቅባት ሽፋን በሊጡና በምጣዱ መካከል ስለምትገባ እንጀራው ሳይቀደድ ይነሳል።

አሁን የልጅዎን ጣቶች ያስቡ። ቁርስ ላይ ጨጨብሳ በልታለች። እጇን ታጥባም ቢሆን የቆዳዋ የራሱ ወዝ አለ። ፎሙን ይዛ ስትቆርጥ፣ ፕላስተሩን በሙጫው በኩል ይዛ ስትለጥፍ፣ ሳታውቀው ክንፉን እያሰሰችው ነው። በእንጨት በሚነደድበት ማድ ቤት ውስጥ ከሆነ የሠራችው ደግሞ ከጭሱ የሚመጣው ጥላሸትና የቅባት እንፋሎት ይጨመርበታል። ስለዚህ ሥራውን ከማድ ቤት ያርቁ፤ እጅም በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

ፎሙን የማጽዳቱ ቅደም ተከተል እነሆ፦

ፕላስተሩ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በስስ የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ 220 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ) ቀስ ብለው ይፈትጉ። ዓላማው ወጣ ያሉትን ፍሬዎች ማስተካከል እንጂ ክንፉን ማቅጠን አይደለም። ይህን ከቤት ውጭ ያድርጉ፤ ብናኙን ልጅ እንዳይተነፍሰው አፍና አፍንጫዋን በማስክ ትሸፍን።

ከዚያ ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ፎም ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ስለሚቋጥር ብናኙ ልክ ፕላስቲክ ማበጠሪያ ወረቀት እንደሚስበው ተመልሶ ይለጠፍበታል። በእፍታ አይለቅም። ውኃ ነክቶት በደንብ በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ሲያብሱት ግን ይለቃል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

በመጨረሻ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ንጹሕ ጨርቅ ነክረው አንድ ጊዜ ይጥረጉ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን በጣት አይንኩት። ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ በየቤታችን የተለመደውን የእጅ ሳኒታይዘር በአልኮል ምትክ አይጠቀሙ። እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ እሱም ያው ማሰሻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቤንዚን፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነጩን ፎም ያቀልጡታል። ማስቲሽና ተራው ሱፐር ግሉም እንዲሁ ይበሉታል። ብዙ ልጆች «ፕላስተሩ ካልያዘ በሱፐር ግሉ ልሞክር» ብለው ክንፋቸው ዓይናቸው እያየ ጉድጓድ ሲሆን ያለቅሳሉ። የማስቲሽና የቲነር ሽታ ለልጅ ጤናም ጥሩ አይደለም። በእንጨት ሙያ የሚታወቀው ነጩ ኮላ ግን ፎሙን አይጎዳም።

ጎድጓዳውን በኮላ ይሙሉ

ንጹሕ የሆነው ነጭ ፎም አሁንም አንድ ችግር አለበት፤ በፍሬዎቹ መካከል ጎድጓዳ አለ። ነጩን ኮላ በእኩል ውኃ አቅጥነው፣ ፕላስተሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ። ወፍራም አይሁን፤ ኮላ ክብደት አለው። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ሲነኩት ለስላሳና ደረቅ ቆዳ ለብሶ ያገኙታል። ፕላስተሩ በፎሙ ጉብታዎች ላይ ብቻ ከማረፍ ይልቅ በዚህ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛል። ኮላው ደግሞ ወደ ጎድጓዳው ስለገባ ፎሙን ይዞታል።

የጭቃ ቤት ያስለሰነ ሰው ይህን ያውቃል። ስሱ የላይኛው ልስን የሚያምረው የታችኛው ምርጊት ስንጥቁን ሞልቶ ሲደርቅ ነው። አያትን ይጠይቁ፤ ከእርስዎ በተሻለ ለልጅቷ ያስረዷታል።

ፕላስተሩም ዝግጅት ይፈልጋል

ለቀላል አውሮፕላን የሚመረጠው ብርሃን የሚያሳልፈው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ነው፤ ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ በቀላሉም አይለጠጥም። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናስትሮ ይለጠጣል። ተለጥጦ የተለጠፈ ናስትሮ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ሲሰበሰብ ወይ ጫፉ ይላቀቃል፣ ወይ ክንፉን ያጎብጠዋል። የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ደግሞ ከመጀመሪያውም ተላጦ እንዲነሳ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለጊዜያዊ መያዣ ብቻ ይሁን።

ጥቅሉን ሲገዙ ጎኑን ይመልከቱ። በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ ጠርዙ ላይ አቧራ የጠጣ ጥቅል ጠርዙ መጀመሪያ ይላቀቃል። የተላጠ ፕላስተር ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጠርዝ ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስም ቢሆን የመጀመሪያውን አንድ ዙር ቆርጠው ይጣሉት፤ አየርና እጅ የነካው እሱ ነው።

ቁራጮቹን ቀድመው ያዘጋጁ። በመቀስ ይቁረጡ እንጂ በጥርስ አይበጥሱ፤ ምራቅም እርጥበት ነው፣ የተዘነጣጠለ ጫፍም ለመላጥ ይመቻል። ማዕዘኖቹን እንደ ጥፍር ክብ አድርገው ይከርክሙ። ሹል ማዕዘን ሣርም ጣትም ይይዘዋል፤ ክቡ ግን መያዣ የለውም። ቁራጩን ሲይዙ ሁለቱን ጫፎች ብቻ በጥፍር ጫፍ ይንኩ።

የፕላስተርን ጠባይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለልጅዎ መንገር ከፈለጉ ይህን ይበሏት፦ ፕላስተር ሲጎትቱት ብርቱ ነው፣ ሲልጡት ደካማ ነው። ስለዚህ ቁራጩ ስንጥቁን አቋርጦ፣ በሁለቱም በኩል ረዘም ብሎ ይረፍ። ክንፉ ሊከፈት ሲል ፕላስተሩን ይጎትተዋል እንጂ አይልጠውም።

አለጣጠፉ

ሁለቱን የፎም ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ያገናኙ። ፕላስተሩን መጀመሪያ በመሐሉ ያሳርፉ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂዱ። አይለጥጡት፤ በራሱ ክብደት ይተኛ። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ፣ በላዩ ስስ ጨርቅ አድርገው፣ ከመሐል ወደ ዳር ይጫኑት። አረፋ ካዩ ወደ ጠርዝ ይግፉት። ፎሙ እንዳይጎደጉድ እጅ ይለስልስ፤ ብዙ ጊዜ መመላለስ አንድ ጊዜ በኃይል ከመጫን ይሻላል።

ከላይ የለጠፉትን ያህል ከታችም ይለጥፉ። በግራ ክንፍ ያደረጉትን በቀኝም በተመሳሳይ ርዝመት ይድገሙት። አንድ ወገን ብቻ የተለጠፈ ክንፍ ይጎብጣል፤ አንድ ክንፉ የከበደ አውሮፕላንም ወደዚያው ጎን ይዞራል።

ከዚያ ይጠብቁ። የፕላስተር ሙጫ ሥራውን በአንድ ደቂቃ አይጨርስም። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር ወደ ገጽታው እየገባ እየጠነከረ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

መሐል ሜዳ ለምን ይከብዳል?

ሳሎን ውስጥ የበረረው አውሮፕላን መሐል ሜዳ ላይ የተበታተነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የበጋው ሌሊትና ማለዳ ውርጭ ነው። ተራ ፕላስተር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሙጫው ይጠነክራል፤ ሲለጥፉት የያዘ ይመስላል እንጂ አልገባም። በሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ጥቅል ጠዋት ላይ ከሞላ ጎደል ዝም ብሎ ወረቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጥቅሉን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከጋቢ ሥር ጉያዎ ውስጥ ይያዙት። የመንዝ ብርድ የሰው ገላ ሙቀት ያሸንፈዋል። ፎሙም ከውጭ ሲገባ ጤዛ ሊይዝ ይችላልና ክፍሉ ውስጥ ቆይቶ ሙቀቱ እስኪስተካከልና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ነገር ግን ከምድጃና ከከሰል አጠገብ ፈጽሞ አያስጠጉት። ፎም በቀላሉ ይቃጠላል፤ ጭሱም አደገኛ ነው።

ሌላው ምክንያት አየሩ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ላይ ያው አውሮፕላን ለመንሳፈፍ 15 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሄድ አለበት። ፈጥኖ የሄደ ደግሞ ሲያርፍ በኃይል ይመታል፤ የምቱ ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባም ከፍተኛ ቦታ ናት፤ መሐል ሜዳ ግን ትንሽ ይብሳል። በዚያ ላይ ሳሎን ውስጥ ነፋስ የለም። ደጋው ላይ የተሠራ መጋጠሚያ ከቆላው የበለጠ መጠንከር ይኖርበታል ማለት ነው።

ሌሊቱን ምን ይደረጋል?

ኮላው እስኪደርቅ አንድ ሌሊት፣ ፕላስተሩ እስኪይዝ ሌላ ሌሊት። ለ10 ዓመት ልጅ ሁለት ሌሊት ዘላለም ነው። ጨዋታ ይዘው ይቅረቡ።

ስለ «ፀሐይ» ይንገሯት። በአገራችን የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ይህች አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተሠርታ በ1928 ዓ.ም በረረች። ያን ጊዜ የጣሊያን ጦር አገራችንን ወርሮ ነበር፤ አውሮፕላኗም ወደ ጣሊያን ተወሰደች። ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም ወደ አገሯ ተመለሰች። የመሐል ሜዳ አያት ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን የአባቶቻቸውን ታሪክ ማከላቸው አይቀርም፤ ያኔ ሌሊቱ ያጥራል።

ስለ ፕላስተሩም ታሪክ አለ። ሪቻርድ ድሩ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ሲቸገሩ አየ። ሁለት ቀለም ለመቀባት መኪናውን በወረቀት ሸፍነው የሚለጥፉበት ሙጫ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳ ነበር። እሱም በ1925 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳይጎዳ የሚነሳውን የወረቀት ፕላስተር ሠራ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፈውን አወጣ። የፕላስተር ታሪክ የጀመረው አንድ ሰው የሌሎችን ብስጭት አይቶ «ለምን?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ልጅዎም ጠዋት ሜዳው ላይ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ሳይወረውሩት ይፈትኑት

ከክንፉ በተረፈ የፎም ቁራጭ ላይ ያንኑ ዝግጅት አድርገው አንድ ፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ልጅዎ ትላጠው። ከዚያ የተላጠውን ፕላስተር ገልብጣችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ፕላስተሩ የሆነውን ይናገራል።

ንጹሕ ሆኖ፣ ፎሙም ምንም ሳይሆን ከተነሳ፣ ቅባት ነበረ ወይም ብርድ ነበር። ሙጫው ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ካለ፣ ብናኙ በደንብ አልተጠረገም። የኮላውን ቆዳ ልጦ ከመጣ፣ ኮላው ሳይደርቅ ተቸኩሏል ወይም ከሥሩ አቧራ ነበር። የፎሙን ፍሬዎች ነቅሎ ከመጣ ግን ደስ ይበላችሁ! ፎሙ ራሱ ተቀደደ እንጂ ፕላስተሩ አልለቀቀም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ጥንካሬ ከፎም አይጠበቅም።

ይህች ትንሽ ሙከራ ልጅዎ በትምህርት ቤት የምትማረው ሳይንስ ናት። ግምት አለ፣ ሙከራ አለ፣ ማስረጃ አለ። ከሁሉም በላይ ስህተት ማፈሪያ ሳይሆን የሚነበብ ነገር መሆኑን ታያለች።

ሜዳው ላይ

ሦስተኛው ቀን ነው። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ እስኪለቅ ጠብቁ፤ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ጥሩ ነው። ከመወርወራችሁ በፊት ሚዛኑን ተመልከቱ። በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር፣ ከፊት ጠርዙ የክንፉ ስፋት ሲሶ ገደማ ላይ ደግፋችሁ ስታነሱት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጭራው ላይ የተጨመረው ፕላስተርና ኮላ ወደ ኋላ ካዘቀዘቀው አፍንጫው ላይ አንድ ሳንቲም ለጥፉበት።

አዝመራ የሌለበት፣ ባለቤቱ የፈቀዱበት ሜዳ ምረጡ። የመንዝ ገደሎች አፋፍ ላይ ነፋሱ ከሥር ወደ ላይ ሲገፋ ትልልቅ አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ተንሳፈው ይቆማሉ። የልጅዎ አውሮፕላን የሚንሳፈፈው በዚያው ሕግ ነውና ከሩቅ ሆናችሁ አሳዩአት። ነገር ግን አውሮፕላን የሚከተል ልጅ እግሩን አያይም፤ ከገደል አፋፍ በጣም ራቁ። በአቅራቢያው ያለው ጓሳ ደግሞ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን እየከለለ የጠበቀው ቦታ ነውና ለጉብኝት ሂዱበት እንጂ ፎም አትወርውሩበት።

አንድ ነገር አደራ። የወደቀ ፎምና የተላጠ ፕላስተር አንድም ሳይቀር ልቀሙ። ሜዳው የበጎች ግጦሽ ነው። በግ ፕላስቲክ ከዋጠች ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ ለመንዝ ቤተሰብ በግ ማለት የልጅ ደብተርና የክረምት ቀለብ ነው። መልቀሙን ለልጅዎ ሥራ አድርገው ይስጧት፤ ከበረራው እኩል የምትማርበት ነው።

አሁን ትወርውረው። ምናልባት ሃያ እርምጃ ይሄዳል፣ ምናልባት ነፋስ ይዞት አርባ። ምናልባትም በአፍንጫው ድንጋይ ላይ ይወድቅና ይሰበራል። አያት ምርኩዛቸውን ይዘው ሄደው ያነሱታል። አገላብጠው መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። አፍንጫው ተሰብሯል፤ ክንፉ ግን ባለበት ነው።

«እንዴት አድርገሽ ነው ያጣበቅሽው፣ ልጄ?»

ያኔ እርስዎ ዝም ይበሉ። እሷ ትንገራቸው።

በእጅ ሊኖሩ የሚገቡ

• ብርሃን የሚያሳልፍ የካርቶን ፕላስተር፣ አዲስ ጥቅል
• ስስ የብርጭቆ ወረቀት፣ ብሩሽና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ
• ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል (ልጅ ከማይደርስበት የሚቀመጥ)
• ነጭ ኮላና ማቅጠኛ ውኃ
• መቀስ፣ ማንኪያ፣ ማስክ
• የተረፈውን መሰብሰቢያ ፌስታል
• ሁለት ሌሊት